ከርዳዳ ፀጉር እንዴት ይቆረጥ? ምንስ ይቀባ?

አዲስ ብቃይ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፀጉሬን በኬሚካል ማለስለስ ካቆምኩ ከዓመት በላይ ሆኖኛል። ከሥሩ የበቀለው ጥቅልል ነው፤ ከጆሮዬ በታች ያለው ግን እስካሁን ሉጫ ነው። የራሴ ፀጉርም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። ማጅራቴ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ከርዳዳ፣ ግንባሬ ላይ ላላ ያለ ጥምዝ፣ አናቴ ላይ ደግሞ ምንም ብቀባው የማይርስ ደረቅ ፀጉር አለኝ። ሲረጥብ ደስ የሚል ቅርጽ ይይዛል። ሲደርቅ ይበተናል፤ አናቱ ይተኛል፣ ጎንና ጎኑ ይነፋል።

የሄድኩባቸው ሳሎኖች በሙሉ አሠራራቸው አንድ ነው። አጥበው፣ በፎን ስበው፣ ሉጫ ካደረጉት በኋላ ጫፉን እኩል ይቆርጡታል። ከሳሎን ስወጣ ያምራል። ቤቴ ስታጠበው ግን አንዱ ጎን ከሌላው አጥሮ፣ ማጅራቴ ላይ ያለው ተሰብስቦ አገኘዋለሁ። ቅባቱም እንዲሁ ነው። አንዱ ክሬም ፀጉሬን ያወዛዋል እንጂ አያርሰውም፤ ሌላው ጄል ሲደርቅ ነጭ ፍርፋሪ ይተዋል።

የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሰዓት የለኝም፣ ፀጉሬም የተስተካከለ መምሰል አለበት። ሉጫውን በአንድ ጊዜ ልቁረጠው ወይስ ቀስ በቀስ? ለቆራጭዋ ምን ብዬ ልንገራት? ለአዲስ አበባ አየር የሚስማማውስ ምን ዓይነት ምርት ነው? የምታውቁ እባካችሁ በዝርዝር ጻፉልኝ።

ባለ መቀስ

እህቴ፣ በቅድሚያ ስለ ቆረጣው እንነጋገር። ቁርጡ ካልተስተካከለ የትኛውም ክሬም አያድንሽም።

ከርዳዳ ፀጉር ሲደርቅ ያጥራል። ላላ ያለው ጥምዝ ጥቂት ብቻ ያጥራል፤ ጥቅጥቅ ያለው ግን ሲሳብ ከሚኖረው ርዝመት ግማሹን፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ያጣል። ያንቺ ማጅራትና ግንባር እኩል አይሰበሰቡም ማለት ነው። በፎን ተስቦ እኩል የተቆረጠ ፀጉር ውኃ ሲነካው የሚዛባው ለዚህ ነው። ቆራጭዋ ያየችው ሉጫ ፀጉር ነው፤ የቆረጠችውም ያንኑ ያየችውን ነው። አንቺ ግን የምትኖሪው ከሌላ ፀጉር ጋር ነው።

ስለዚህ በደረቁ፣ በተፈጥሮ ቅርጹ ይቆረጥልሽ። ከመሄድሽ በፊት ታጠቢው፤ ከባድ ቅባት ሳትቀቢ፣ ሳትጎነጉኚውና ሳታስሪው አድርቂው። እኔ እንዲህ ነው የምሠራው፦ አንዱን ጥቅል በሁለት ጣቶቼ ይዤ ቀስ ብዬ ወደ ታች እስበዋለሁ፤ ከዚያ እለቀዋለሁ። ተመልሶ የት እንደሚያርፍ አያለሁ። ጥቅሉ ባረፈበት ቦታ፣ ሳልወጥረው ጫፉን ብቻ እቆርጣለሁ። ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። በየመሃሉ ደንበኛዬ ቆማ ራሷን እንድትነቀንቅ እጠይቃታለሁ፤ ፀጉሩ ሲንቀሳቀስ የት እንደሚጎርፍ፣ የት እንደሚከመር የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ሥራው ሰዓት ይፈጃል። ሰዓት የማይሰጥ ሳሎን ከሆነ ቀጠሮ ያዢና ሥራ በማይበዛበት ቀን ሂጂ።

አናቱ ተኝቶ ታቹ የሚነፋው ርዝመቱ ሁሉ እኩል ስለሆነ ነው። ክብደቱ ሁሉ ታች ይሰበሰባል። ለቆራጭዋ «አናቴ ላይ አጠር ያለ ደረጃ ሥሪልኝ፤ ጎኔን አታሳሺው፤ ርዝመቱን መጀመሪያ ትንሽ አስቀሪልኝ፤ ካልበቃ እንጨምራለን» በያት። ጥርስ ያለው ማሳሻ መቀስና ምላጭ ግን ፀጉርሽ ላይ እንዳይነሡ አስቀድመሽ ተናገሪ። ሁለቱም ጥቅሉን ከመሃል ይሰነጥቁታል፤ ከሁለት ወር በኋላ ፀጉሩ እንደ ጭስ ብን ይላል።

ስለ ሉጫው፦ የራስ ቅል ፀጉር በአማካይ በወር 1.25 ሳንቲሜትር ገደማ፣ በዓመት ወደ 15 ሳንቲሜትር ያድጋል። አንቺ ከዓመት በላይ ስለታገሥሽ በቂ አለሽ። እኔ ብሆን በአንድ ጊዜ አነሣው ነበር። አዲሱና አሮጌው የሚገናኙበት መስመር ከሁሉ የሚደክመው ቦታ ነው፤ በማበጠሪያ በተነካ ቁጥር እዚያው ይቆረጣል። ሲደርቅ ከጠበቅሽው እንደሚያጥር ግን ልብሽን አዘጋጂ። ካልደፈርሽ በየሁለትና ሦስት ወሩ ጥቂት ጥቂት አስቆርጪ።

የጎንደሯ እናት

ልጆቼ፣ ይህ ሁሉ ጠርሙስና ቱቦ ሳይመጣ በፊት ፀጉር ነበረ፤ ያውም ወገብ የሚደርስ። ለጋ ቅቤ ነው መድኃኒቱ። ጨው ያልገባበት፣ ቅመም ያልነካው፣ ያልቆየ ቅቤ። በመዳፍሽ መሃል ታቀልጪዋለሽ፤ ፀጉሩን እየከፈልሽ ከሥር እስከ ጫፍ ታዳርሺዋለሽ፤ በሻሽ ትጠቀልዪዋለሽ። ፀሐይ ላይ ጥቂት ትቀመጫለሽ። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ታጥበሽ ሹሩባ ትሠሪያለሽ። ሹሩባው ሲፈታ ያለው ጥምዝ በምንም ማሽን አይገኝም።

ደግሞ ከርዳዳ ፀጉር ለቢሮ አይሆንም የሚል ሰው ካለ ታሪኩን አያውቅም። አፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ተሠርተው ነው አገር የገዙት። አርበኞቻችን ጎፈሬያቸውን አሳድገው ነው ጫካ የከረሙት። ፀጉርሽን ንጹሕ አድርገሽ ግቢ፣ ቀና በይ፣ ልጄ።

የኬሚስትሪ መምህር

እናቴ፣ በሹሩባውም በቀና ማለቱም ከእርስዎ ጋር ነኝ። በቅቤው ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ እህቶቻችን «ቅባት ብቀባም ይደርቃል» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ስለሆነ።

ቅቤ ከአሥር ስምንት እጁ ስብ ነው። ስብ ፀጉርን አያርስም፤ ያለውን እርጥበት እንዳይወጣ ይከላከላል። ደረቅ ፀጉር ላይ ብትቀቢው ድርቀቱን ነው የምታሽጊበት። የእርስዎ እናቶች ቅቤውን ቀብተው በኋላ ያጥቡት ነበር፤ ትክክለኛው ቦታው ይኸው ነው። ከመታጠብ በፊት ሲቀባ ፀጉሩ ውኃ ከመጠን በላይ እንዳይመጥ፣ ሲታሽም እንዳይጎዳ ይረዳል። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የራስ ቆዳ ላይ ተቀብቶ ሲሰነብት ግን ፎረፎር ላለበት ሰው ያባብሰዋል። ፎረፎር የሚያስነሣው ማላሴዚያ የተባለው ፈንገስ የሚመገበው ስብ ነውና። የጉሎ ዘይትም፣ የኮኮናት ዘይትም፣ ቫዝሊንም እርጥበት አይሰጡም፤ ሥራቸው እንደ ቅቤው ነው።

እርጥበት የሚሰጠው ውኃ ነው። ስለዚህ የምርቱን ጀርባ ስታነቢ መጀመሪያ የተጻፈው ንጥረ ነገር ውኃ መሆኑን ተመልከቺ፤ በብዙ አገሮች ሕግ ንጥረ ነገሮች የሚዘረዘሩት ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። ፔትሮላተም (ቫዝሊን) ወይም የማዕድን ዘይት በአንደኛነት የተጻፈበት ማሰሮ «ለጥምዝ ፀጉር» ቢልም ቅባት ነው። ሻምፖው ላይ ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት ከፊት ከተጻፈ ለደረቅ ፀጉር ኃይለኛ ነው፤ ለስለስ ያለ ምረጪ። ሲሊኮን በራሱ መርዝ አይደለም፤ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ ሳይወሳሰብ እንዲበጠር ያደርጋል። አንዳንዱ ዓይነት ግን በውኃ ብቻ ስለማይለቅ ሲደራረብ ፀጉሩን ያከብደዋል። ሲሊኮን የምትጠቀሚ ከሆነ በየተወሰነ ጊዜ በደንብ በሚያጸዳ ሻምፖ እጠቢው።

ግሊሰሪንን ደግሞ በወቅቱ ተጠቀሚበት። ግሊሰሪን ውኃ ይስባል። በክረምት አየሩ እርጥብ ሲሆን ከአየር ወደ ፀጉር ይስባል፤ ከኅዳር እስከ ጥር የአዲስ አበባ አየር ሲደርቅ ግን ከፀጉሩ ያገኘውን ውኃ ለአየሩ ይሰጣል። በበጋ ግሊሰሪን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛነት የተጻፈበትን ክሬም ተዪው፤ ወይም በላዩ ጥቂት ዘይት ደርቢበት።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ውኃችን። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውኃ ነው፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃ ነው። የከርሰ ምድር ውኃ በአብዛኛው ካልሲየምና ማግኒዥየም ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ቶሎ የሚሠራ ከሆነ ፀጉርሽም ላይ የሚቀመጠው ያው ማዕድን ነው። ሻምፖ አረፋ እምቢ ይላል፣ ፀጉሩ ሻካራ ይሆናል። ኢዲቲኤ ያለበት የማዕድን ማስለቀቂያ ሻምፖ አልፎ አልፎ መጠቀም ይጠቅማል። የዝናብ ውኃ የምታጠራቅሚ ከሆነ ደግሞ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ የሚተካከለው የለም።

ሳሎን ያለኝ

ለምን ይህን ያህል ትደክማለች? የኬራቲን ሕክምና ብታሠራ ለወራት ተስተካክሎ ይቆይላታል። ጠዋት ሰዓት የለኝም ብላለች እኮ።

የኬሚስትሪ መምህር

ወንድሜ፣ የሥራህን ክብር ጠብቄ ልንገርህ። ብዙዎቹ እነዚህ ማለስለሻዎች ሲሞቁ ፎርማልዴኻይድ ያወጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፎርማልዴኻይድን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት መድቦታል። ደንበኛዋ አልፎ አልፎ ትተነፍሰዋለች፤ አንተና ሠራተኞችህ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ በየቀኑ ትተነፍሱታላችሁ። መስኮት ክፈቱ፣ የምትገዙትን ዕቃ ጀርባ አንብቡ፤ ለእናንተ ጤና ብዬ ነው። እርሷም ደግሞ ከዓመት በላይ የታገሠችው ጥምዟን ለመመለስ ነው።

የተልባ ወዳጅ (ባሕር ዳር)

ጄል ፍርፋሪ ይተዋል ላልሽው፣ እባክሽ ተልባ ሞክሪ። በየገበያው አለ፣ ዋጋው ቀላል ነው፣ በውስጡ ያለውንም ታውቂዋለሽ።

ሩብ ኩባያ ያልተፈጨ ተልባ በሁለት ኩባያ ውኃ መካከለኛ እሳት ላይ ጣጂው። እንዳይያያዝ እያማሰልሽ ቁሚ። መጀመሪያ ውኃው ነጭ አረፋ ይሠራል፤ ከዚያ ይከብዳል፤ ማንኪያውን ስታነሺ ዝልግልግ ብሎ በክር መልክ ሲንጠባጠብ ወዲያው አውርጂው። ካሳለፍሽው ከፍሬው አይለይም። ትኩሱን እንዳለ በንጹሕ ስስ ካልሲ ወይም በቀጭን ጨርቅ አጥልዪው፤ ከበረደ በኋላ ለማጥለል መታገል ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። ሽታው ከተለወጠ ጣዪው፤ መከላከያ ኬሚካል ስለሌለበት ይበላሻል። ብዙ ከሠራሽ በረዶ ቤት ከፋፍለሽ አስቀምጪ።

አቀባቡ ነው ትልቁ ቁም ነገር። ፀጉሩ ውኃ እየተንጠባጠበበት ሳለ ነው የሚቀባው። መጀመሪያ የማይታጠብ ኮንዲሽነር፣ ከዚያ ተልባው። በመዳፎችሽ መሃል እያለፍሽ ከላይ ወደ ታች አልብሺው፤ ቀጥሎ ራስሽን ዘቅዝቀሽ ከጫፍ ወደ ሥር ጭምቅ ጭምቅ አድርጊው። ውኃው ቁጭ ቁጭ ሲል ይሰማሻል። ከዚያ በኋላ እስኪደርቅ አትንኪው። ሲደርቅ ግግር ብሎ ይጠነክራል፤ አትደንግጪ። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ እጅሽ ላይ ሁለት ጠብታ ዘይት አድርገሽ እንደገና ጭምቅ ስታደርጊው ግግሩ ይለቅና ጥምዙ ለስልሶ ይቀራል።

ነጭ ፍርፋሪው በአብዛኛው የሚመጣው ክሬሙና ጄሉ ስለማይስማሙ ነው። ፀጉርሽን ከመቀባትሽ በፊት ሁለቱን ጥቂት ጥቂት መዳፍሽ ላይ ቀላቅዪ። ተዋሕዶ ለስላሳ ከሆነ ፀጉርሽም ላይ ይስማማል፤ ከቋጠረ ወይም ከተቆራረጠ አይስማማም።

የዱባይዋ

እዚህ ያለነው ችግራችን የእናንተ ተቃራኒ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከቤት ስንወጣ አየሩ ራሱ ላብ ነው፤ ግሊሰሪን ያለበት ክሬም ከተቀባን ፀጉራችን አብጦ ጎፈሬ ይሆናል። ቤት ውስጥ ደግሞ የአየር ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ያደርቀዋል። እኔ የእነዚህን ወራት ሙቀት የማልፈው ጠንካራ በሚይዝ ጄል ነው፤ ክሬሙን እቀንሳለሁ፣ ጄሉን እጨምራለሁ። ለእናንተ ለደጋዎቹ ተገላቢጦሹ ይሠራል፤ ክሬም ብዙ፣ ጄል ጥቂት።

ለአገር ቤት ዕቃ የምትልኩ እህቶች፣ ለእህቶቻችሁ ስትገዙ «እኔ ላይ ሠርቷል» ብላችሁ አትላኩ። ጎንደር ያለች እህቴ የላክሁላትን ሳትጠቀም አስቀመጠችው፤ እኔ ላይ የሚያበራው እርሷ ላይ ያደርቃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እዚህ የእኛ ሰዎች ሳሎን በየመንገዱ አለ፤ ሹሩባውንና ፎኑን ማንም አይስተካከላቸውም። ደረቅ ቆረጣ የሚሠራ ግን ለይቶ መፈለግ ያስፈልጋል። ስልክ ስትደውሉ «ከርዳዳ ፀጉር ትሠራላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ይላል። «ፀጉሬን ሳትስቡ፣ በደረቁ ትቆርጣላችሁ? ቆርጣችሁ የጨረሳችሁትን፣ ፎን ያልነካውን ፀጉር ፎቶ ልትልኩልኝ ትችላላችሁ?» በሉ። ፎቶ የላከች እርሷ ሥራዋን ታውቃለች።

ለልጆቻችሁ ደግሞ፦ ፀጉራቸውን በደረቁ አታበጥሩ። ኮንዲሽነር በብዛት ቀብታችሁ፣ በአራት ከፍላችሁ፣ መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ ጥርሱ ሰፊ በሆነ ሚዶ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሥር ውጡ። ልጄ ድሮ ሚዶ ስታይ ትደበቅ ነበር፤ አሁን ተረት እየሰማች ትቀመጣለች። ልጅ ፀጉሯን የምትወደው ወይም የምትጠላው በእናቷ ጉልበት መሃል ተቀምጣ ነው።

ጎፈሬው

ወንዶች ዝም ብለን እያነበብን ነው። እኔ አናቴ ላይ ርዝመት ትቼ ጎኑን አሳጥራለሁ። ፀጉር አስተካካዬን የለመንኩት አንድ ነገር ነው፤ አናቱን በማሽን እንዳይነካው፣ በመቀስ ብቻ ዙሪያውን እንዲያስተካክለው። ዕቃዬ ኮንዲሽነርና ትንሽ ጄል ነው። ፀጉሬን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ካቆምኩ ወዲህ ጥምዙ በራሱ ወጣ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ፀጉርን በጥምዙ የሚከፍለውን፣ 3ሲ፣ 4ኤ፣ 4ቢ የሚባለውን ሰንጠረዥ ማወቅ ግድ ነው?

ባለ መቀስ

ወንድሜ፣ ግድ አይደለም። ይህን አከፋፈል ያወጣው አንድሬ ዎከር የተባለው የኦፕራ ዊንፍሬይ ፀጉር ሠሪ ነው፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ.። ከሰው ጋር ለመግባባት ይጠቅማል። ግን የሚነግርህ የጥምዙን ስፋት ብቻ ነው። ምርት ለመምረጥ የበለጠ የሚጠቅምህ ሌላ ነው። አንዷ ፀጉርህ በጣትህ መሃል ስትሽከረከር ትሰማሃለች ወይስ አትሰማህም? ካልተሰማችህ ፀጉርህ ቀጭን ነው፤ ከባድ ክሬም ያስተኛዋል። ደግሞ ታጥበህ ስትወጣ ቶሎ ይደርቃል ወይስ ግማሽ ቀን ይፈጃል? ቶሎ የሚደርቀው ቅርፊቱ (የላይኛው ሽፋኑ) የተከፈተ፣ ብዙውን ጊዜም በኬሚካል ወይም በሙቀት የተነካ ነው፤ ክሬምና ማሸጊያ ዘይት ይወዳል። ቀስ ብሎ የሚደርቀው ቀለል ያለ ነገር ይበቃዋል፤ ኮንዲሽነሩንም ለብ ባለ ውኃ ተቀባው፣ ሙቀት ሲያገኝ ይቀበላል። አዲስ ብቃይ እንዳላት አንድ ራስ ላይ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። አናቷ ደረቅ የሆነው ለዓመታት ፎኑም ፀሐዩም ያረፈው እዚያ ስለሆነ ነው።

አዲስ ብቃይ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አንብቤ በወረቀት ጽፌያለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። ሳደርቀውና ስተኛ ምን ላድርግ? ጠዋት በአምስት ደቂቃ ውስጥ መውጣት አለብኝ።

ባለ መቀስ

በፎጣ አትሺው። ፎጣ ጥምዙን ይበትነዋል። ቤትሽ ያረጀ፣ የለሰለሰ ነጠላ ካለ ከእርሱ የሚሻል የለም። ጠረጴዛ ወይም አልጋ ላይ ዘርግተሽ፣ ጎንበስ ብለሽ ፀጉርሽን መሃሉ ላይ አከማቺው፤ ጫፎቹን ወደ ኋላ አምጥተሽ እሰሪ። ሃያ ደቂቃ ያህል ይበቃል። ከዚያ በአየር ይድረቅ፤ ከቸኮልሽ ካስክ ግቢ፣ ነፋሱ ጥምዙን አያንቀሳቅሰውም። ፎን ብቻ ካለሽ ጣት ጣት ያለውን ሰፊ አፍ ግጠሚለት፣ ሙቀቱን ቀንሺ።

ማታ አናትሽ ላይ ላላ አድርገሽ ሰብስቢው፤ የሳቲን ሻሽ እሰሪ። የጥጥ ትራስ እርጥበቱን ይመጠዋል። ጠዋት ሻሹን ፍቺው፣ እጅሽን በውኃ አርሰሽ የተበተነውን ጥቅል ብቻ በጣትሽ ጠቅልዪ፣ ሥሩን በአፍሮ ሚዶ ጫፍ ከፍ ከፍ አድርጊው፤ ጨረስሽ። ሁሉንም ማርጠብ አያስፈልግም።

የጎንደሯ እናት

መምህሩ ያለው ገብቶኛል፤ ቅቤው ከመታጠብ በፊት። ልጆቼንም እንዲሁ እላቸዋለሁ። እኔም አንድ ልጨምር፤ ሹሩባ ሲሠራ ግንባር ላይ አጥብቆ የሚጎትት ሠሪ ካጋጠማችሁ ዝም አትበሉ። ብጉር ከወጣ፣ ቅንድብ ከተሳበ ያን ቀን ይፈታ። በወጣትነቱ የተጎተተ የግንባር ፀጉር በኋላ ቅቤም አይመልሰውም።

አዲስ ብቃይ

ተቆርጦ መጣሁ! በደረቁ፣ ጥቅል በጥቅል። ያገኘኋት ልጅ ወጣት ናት፤ የጻፋችሁትን አነበብኩላት፣ ደስ ብሏት ሠራችልኝ። ሉጫው ሙሉ በሙሉ ተነሣ። ርዝመቱ ጆሮዬ ድረስ ነው፤ አናቴ ላይ ደረጃ አለው፣ ጎኑ አይነፋም። በተልባ ሠራሁት፤ ግግሩ ሲለቅ ያለውን ነገር እኅቴ በጣቷ እየጎተተች ስትለቅ ዋለች። ቢሮ ማንም ክፉ አልተናገረም፤ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ የቆረጠችውን ልጅ ስልክ ወስደዋል።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ማጅራቴ ላይ ከታች ያለው ከሌላው አጥሮ፣ ሻካራ ሆኖ ይሰባበራል። ቁርጡ ነው ወይስ ሌላ?

ባለ መቀስ

እንኳን ደስ ያለሽ! የማጅራቱ ነገር የቁርጡ አይመስለኝም። የሥራ ኮትሽን አንገት ተመልከቺ፤ ሱፍ ወይም ሻካራ ጨርቅ ከሆነ ቀኑን ሙሉ እያሸ ይሰብረዋል። የአንገቱን ውስጥ በሳቲን ጨርቅ አስለብጪው፤ ልብስ ሰፊ በአጭር ጊዜ ይሠራልሻል። በቅዝቃዜ ጊዜ የሱፍ ሻርፕ ስትለብሺም በሥሩ ቀጭን የሳቲን ሻሽ ይኑር። ክሬሙን ስትቀቢ ከማጅራት ጀምሪ፤ ሁላችንም ከፊት ጀምረን እዚያ ስንደርስ እጃችን ላይ የሚቀር የለም። ለጊዜው አታስቆርጪው፤ ሦስት ወር ያህል ይደግና በሚቀጥለው ቀጠሮ ከሌላው ጋር ይስተካከላል።